በነዳጅ መስጫው ገመድ የተመለሰው ኤሌክትሪክ

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ፣ አገሩ ለወጡ የሚሆነውን ጨው ከአፍዴራ መጠበቅ ጀመረ። አፍዴራ በአፋር ምድር ከባሕር ወለል በታች 100 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ የተኛ ጨዋማ ሐይቅ ነው። ጨዉን የሚያወጡት ትልልቅ የጭነት መኪኖች ናቸው። ነጋዴው ግን ሒሳብ ለመተሳሰብ፣ ሠራተኛ ለማድረስ፣ ስንቅና ገንዘብ ለመውሰድ የሚወርድበት ሌላ መኪና ይፈልጋል፤ ያ መኪና አብዛኛውን ጊዜ አሮጌ ላንድክሩዘር ነበር። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የባቲን ቁልቁለት ይወርዳል፣ ሚሌን ያልፋል፣ በሰርዶ በኩል ይገባል። ሐይቁ ዳር ሲደርስ በሻንሲው ሥር የሚረጨው ውኃም የሚጣበቀው አቧራም ጨው ነው።

ከእነዚህ መኪኖች አንዱ የገጠመውን አውቶ ኤሌክትሪክ ለሚማሩ ልጆች ደጋግሜ እነግራለሁ። ብልሽቱ በአሮጌ መኪና ላይ በጣም የተለመደ ነው፤ ምልክቶቹም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በግልጽ ይታዩ ነበር። እንዲያም ሆኖ መፍትሔው እስኪገኝ ድረስ ባለቤቱ፣ የኮምቦልቻ ጨው ነጋዴ፣ የሁለት ባትሪ፣ የአንድ ዲናሞ፣ የሞተሪኖ እድሳትና የራዲያተር እጥበት ዋጋ ከፍለዋል።

መኪናው ኤችዜድጄ75 የሚባለው ረጅሙ ሃርድ ቶፕ ነው። ሞተሩ ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው 1ኤችዜድ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ። ይህ ሞተር ኤሌክትሪክ አጥብቆ የሚፈልገው ለመነሣት ብቻ ነው። ከተነሣ በኋላ በነዳጅ ፓምፑ ላይ ያለችው የነዳጅ መዝጊያ ጥቂት ኤሌክትሪክ ካገኘች ይበቃዋል፤ የቀረው ሁሉ መካኒካል ነው። በረሃ ለሚወርድ ሰው ይህ ትልቅ በረከት ነው። ነገር ግን ብልሽትን ይሸፍናል። የዛሬ መኪና ቮልቴጁ ትንሽ ሲዛባ ዳሽቦርዱን በመብራት ሞልቶ ይቆማል፤ 1ኤችዜድ ኤሌክትሪኩ በግማሽ ሞቶ እንኳ ጭነቱን ይዞ ባቲን ይወጣል።

መጀመሪያ የታየው የሞተሪኖው መድከም ነው። ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ሲሰጠው እያቃሰተ ይዞር ጀመር። ባትሪው አርጅቷል ተባለና ተቀየረ። አዲሱ ባትሪ ለጥቂት ጊዜ ጉልበት ሰጠው፤ ከዚያ ያው ሆነ። ሞተሪኖው ወርዶ ካርቦኑ ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። ሾፌሩ መኪናውን ቁልቁለት ላይ ማቆም ለመደ፤ ሜዳ ላይ ሲሆን ደግሞ ሰው ለምኖ በግፊ ያስነሣል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ዲናሞው ባትሪውን ይሞላል ወይስ አይሞላም የሚል ነበር። እዚህ ላይ ሁለት ኤሌክትሪሺያኖች ተለያዩ። አንዱ ቴስተሩን ዲናሞው ላይ አድርጎ፣ አንዱን ጫፍ በመውጫው ቡሎን፣ ሌላውን በዲናሞው አካል ላይ አስነክቶ ለካ፤ 14.2 ቮልት አገኘ። «ዲናሞው ጤነኛ ነው» አለ። ሌላው መብራት አብርቶ ባትሪው ላይ ለካ፤ 13 ቮልት አገኘ። «ዲናሞው ደክሟል» አለ። ሁለቱም የለኩት ትክክል ነበር። ባለቤቱ የሁለተኛውን ሰሙና ዲናሞ ገዙ። አዲሱ ዲናሞ ሲገጠም ያው 14.2ና ያው 13 ወጣ። ሁለት እውነተኛ ልኬቶች ሲጣሉ የጠፋው 1.2 ቮልት የት ገባ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሁለተኛው ባትሪ የተገዛው ከዚህ በኋላ ነው።

ሾፌሩ ደግሞ ሌላ ነገር ይናገር ነበር። ማታ ማታ የፊት መብራት ሲያበራ የሙቀት ጌጁ መርፌ ወደ ቀዩ ይጠጋል፤ መብራቱን ሲያጠፋ ይመለሳል። ይህን ሲናገር ሳቁበት። መብራት ውኃ አያፈላም! ራዲያተሩ ታጠበ፤ ቴርሞስታቱም ወጥቶ ተጣለ። በነገራችን ላይ፣ በየጋራዡ ቴርሞስታት እያወጡ የመጣል ልማድ ለሞተር አይበጅም። ሞተሩ የተሠራበት የሙቀት ልክ አለው፤ ሁልጊዜ ቀዝቅዞ የሚሠራ ናፍጣ ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል፣ ነዳጅም ያባክናል። መርፌው ግን ቴርሞስታቱ ከተጣለም በኋላ መብራት ሲበራ መውጣቱን አልተወም።

ከዚያ ጭስ መጣ። አንድ ጠዋት ቁልፍ ሲሰጥ ከዳሽቦርዱ ሥር የፕላስቲክ ሽታ ወጣ። የእጅ ነዳጅ መስጫዋ፣ ሞተር ቆሞ ሲሠራ ስቦ የሚያቆማት ቁልፍ፣ ገመዷ ከነሽፋኑ ቀልጦ ተጣብቆ ተገኘ። መካኒኩ ብዙ ሳይጨነቅ ቆርጦ ጣላት፤ ማን ይጠቀምባታል! ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ የነዳጅ መስጫው ፔዳል ደረቀ፤ እግር ሲነሣለት ቶሎ አይመለስም። ዘይት ጠብ ተደረገለት። ይህ የመካኒክ ሥራ ስለሆነ ለኤሌክትሪሺያኖቹ የነገራቸው የለም፤ ለመካኒኩም ስለ ባትሪው የነገረው የለም።

መኪናው በመጨረሻ ተገፍቶ የደረሰው አንድ ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ነው። ሰውዬው ሙያውን የተማሩት በላንድሮቨር ነበር፤ ይህም ለነገሩ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የተሠሩት ላንድሮቨሮች ቦዲያቸው አሉሚኒየም፣ ሻንሲያቸው ብረት ነው። በሁለቱ ብረታ ብረቶች መሐል እርጥበት ሲገባ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ የመጀመሪያው ሰለባ የኤሌክትሪኩ ማሳ፣ ማለትም በአካሉ በኩል ወደ ባትሪ የሚመለሰው መንገድ ነው። በላንድሮቨር ላይ ፍሬቻና የኋላ መብራት ሲጠግን ያደገ ሰው፣ ኤሌክትሪክ ከመሄዱ ይልቅ መመለሱን ይጠራጠራል። የላንድክሩዘር ቦዲ ብረት ስለሆነ ያን ያህል ችግር የለበትም፤ የአፍዴራ ጨው ሲጨመርበት ግን ልዩነቱ ይጠባል።

ሽማግሌው ኮፋኖውን ከመክፈታቸው በፊት ባለቤቱን ሐጂን ትተው ሾፌሩን አስቀመጡት።

«በል አንድ ባንድ ንገረኝ። ከኤሌክትሪክ ጋር አይገናኝም የምትለውንም ጭምር።»

«ባትሪው ነው ጋሼ፤ ዲናሞውም…»

«እሱን ሐጂ ነግረውኛል። አንተ ስትነዳ የሚያስቸግርህ ምንድን ነው?»

«ፔዳሉ ደርቋል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የእጅ ነዳጅ መስጫዋ ከተቃጠለች ወዲህ።»

ሽማግሌው ሌላ አልጠየቁም። አጠገባቸው ቆሞ የሚሰማው ልጅ፣ ረዳታቸው፣ ፔዳል ከባትሪ ጋር ምን አገናኘው እያለ ሳይገረም አልቀረም።

የለኩት እንደዚህ ነው። ቅደም ተከተሉን እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ ማንኛውም ቴስተር ያለው ሰው ሊደግመው ይችላል። መጀመሪያ የነዳጅ መዝጊያዋን ሽቦ ነቀሉ፤ ቁልፍ ሲሰጥ ሞተሪኖው ይዞራል እንጂ ሞተሩ አይነሣም። ቴስተሩን ቮልት ላይ አደረጉ። አንዱን ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በሞተሪኖው ወፍራም ቡሎን ላይ አስነክተው ልጁን «አዙር!» አሉት። ቴስተሩ 0.3 ቮልት አሳየ። ይህ ማለት በመሄጃው መንገድ ላይ የሚጠፋው 0.3 ቮልት ብቻ ነው፤ ደህና ነው። ቀጥለው አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብሎክ ላይ፣ ከቀለምና ከዘይት በጸዳ ብረት ላይ ያዙ። «አዙር!» 5.5 ቮልት።

እዚህ ላይ ልጆቹ ሁልጊዜ ይስቱታልና አንድ ነገር ላስገባ። የባትሪው ጫፍ ሲባል የእርሳሱ ራስ ነው፤ በላዩ የታሰረው ማሰሪያ አይደለም። ማሰሪያው ላይ የለካ ሰው፣ ብልሽቱ በእርሳሱና በማሰሪያው መካከል ከሆነ ሳያየው ያልፋል።

በጤነኛ መኪና ላይ ይህ ሁለተኛው ልኬት ግማሽ ቮልት እንኳ አይሞላም። ባትሪው ሲጫነው ከ12.6 ቮልት ወደ 11 ተኩል ይወርዳል እንበል፤ ከዚያ ላይ 5.5 በመመለሻው መንገድ ከጠፋ ለሞተሪኖው የሚቀርለት 6 የማይሞላ ቮልት ነው። በግማሽ ቮልቴጅ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ለማዞር የሚፈረድበት ሞተሪኖ ቢያቃስት አይፈረድበትም።

ከዚያ ሽማግሌው ባትሪ ለመበደር የሚያገለግለውን ወፍራም ጃምፐር ገመድ አመጡ። አንዱን ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን ከብሎኩ ጋር አገናኙ፤ የነዳጅ መዝጊያዋንም ሽቦ መለሱ። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሣ። የፊት መብራት በራ፤ የሙቀት ጌጁ መርፌ ከቦታው አልተነቃነቀም። ባትሪው ላይ 14 ቮልት ተነበበ። ጃምፐሩ ሲነሣ 13 ሆነ፤ መርፌውም ወጣ። ጃምፐሩ ሲመለስ ሁሉም ተመለሰ። እስካሁን የተለወጠ አንድም ዕቃ የለም።

ሞተሩ ሻንሲው ላይ የሚቀመጠው በጎማዎች ነው፤ ንዝረቱ እንዳይሰማ። የውኃ ቱቦው ጎማ ነው፣ የናፍጣው ቱቦ ጎማ ነው፣ ጭስ ማውጫው የተንጠለጠለው በጎማ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ለኤሌክትሪክ ከመኪናው አካል የተለየ ደሴት ነው፤ ሁለቱን በወጉ የሚያገናኛቸው ሆን ተብሎ የታሰረ ገመድ ካልሆነ የለም። በዚህ መኪና ላይ መጀመሪያ የባትሪው ኔጌቲቭ የሚሄደው በቀጥታ ወደ ብሎኩ ነበር። ከሞተሩ ጀርባ ደግሞ ከብሎኩ ወደ ቦዲው ግድግዳ የተወጠረች፣ ከቀጫጭን መዳብ የተሸረበች ጠፍጣፋ ጥብጣብ አለች። የእሷ ሥራ ለመብራት፣ ለክላክስና ለመሳሰሉት መመለሻ መሆን ነው፤ ቀላል ሥራ።

የሆነ ጊዜ የባትሪው አሲድ የኔጌቲቩን ገመድ ጫፍ በላው። የዚያን ቀን የጠገነው ሰው የተበላውን ቆርጦ ጣለ፤ ገመዱ አጠረ፤ ብሎኩ ላይ አልደርስ ሲል አጠገቡ ካለው ቦዲ ጋር በቡሎን አሰረው። መኪናው ወዲያው ተነሣ፤ ሰውየውም ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ልወቅሰው ያስቸግረኛል፤ ጥብጣቧ ገና ጤነኛ ስለነበረች በዚያን ቀን ቢለካም የሚታይ ነገር አልነበረም። ነገር ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ለመብራት የተሠራችው ጥብጣብ የሞተሪኖውን ጭነት ሁሉ ተሸከመች። ከዚያ አፍዴራ መጣ። ጨዉ ጥብጣቧን ከቡሎኑ ሥር፣ ዓይን ከማያይበት በኩል፣ ወደ አረንጓዴ ዱቄት ለወጣት። መሐሏ በዘይትና በአቧራ ተለብጦ ሙሉ ይመስላል።

ጥብጣቧ ስትደክም ኤሌክትሪኩ ሌላ መመለሻ ፈለገ፤ አገኘም። በሞተሩና በቦዲው መካከል የቀረው ብረት ምንድን ነው? የእጅ ነዳጅ መስጫዋ ገመድ። እሷ ስትቃጠልና ስትቆረጥ የፔዳሉ ገመድ ተተካ። ሞተሪኖው በተዞረ ቁጥር ከመቶ አምፔር ከሚበልጠው ፍሰት ድርሻውን እየተሸከመ ጋለ፤ የውስጥ ሽፋኑ ቀስ እያለ ቀለጠ፤ ፔዳሉ ደረቀ። ሽማግሌው ከሾፌሩ አፍ የሰሙት ይህንን ነው። ቁልፍ ሲሰጥ ገመዱን በእጃቸው ነክተው ሙቀቱን ለልጁ አስነኩት።

የዲናሞውም ነገር በዚሁ ይፈታል። ዲናሞው ሞተሩ ላይ ስለታሰረ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ከራሱ አካል ጋር እያነጻጸረ ነው፤ ለራሱ 14.2 ደርሷል። ባትሪው ግን ማሳው ቦዲው ላይ ነው። መብራትና ሌላው ጭነት ሲደመር 25 አምፔር ገደማ በደከመው መንገድ ሲመለስ 1.2 ቮልት ይጠፋል፤ ባትሪው 13 ያያል። በ13 ቮልት ደግሞ የአሲድ ባትሪ በወጉ አይሞላም፤ ሁለቱ አዳዲስ ባትሪዎች የሞቱት ተርበው ነው። የሙቀት ጌጁም ቢሆን አልዋሸም። የሙቀት መለኪያው ብሎኩ ላይ የታሰረ ነው፤ ብሎኩ ከቦዲው በ1.2 ቮልት ዝቅ ሲል በጌጁ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት ይጨምራል፤ መርፌው ውኃው የሞቀ ያህል ይወጣል። መብራት ሲጠፋ ፍሰቱ ይቀንሳል፣ መርፌውም ይወርዳል። ሾፌሩ ያየው ልክ ነበር።

ልጁ ግን አንድ ጥያቄ ነበረው፤ እኔም ተማሪዎች ሲጠይቁት ደስ ይለኛል። ከዚህ በፊት አንዱ ኤሌክትሪሺያን ጥብጣቧን በቴስተር ፈትሿት ነበር፤ ቴስተሩም ጮኾ «ተገናኝቷል» ብሏል። በአምፑልም ተፈትሿል፤ አምፑሉ ደምቆ በርቷል። እንዴት?

ሒሳቡ ይህ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር 110 አምፔር ያህል ሲያልፍና 5.5 ቮልት ሲጠፋ፣ የመንገዱ ተቃውሞ 0.05 ኦም ነው ማለት ነው። የተራ ቴስተር ገመዶች የራሳቸው ተቃውሞ ብቻ ከዚህ ይበልጣል። ጩኸቱም የሚነግርህ አንዲት ክር እንኳ መነካቷን ነው፤ አንዲት ክር ደግሞ ሞተሪኖ አታዞርም። ፍተሻ አምፑል የሚፈልገው ግማሽ አምፔር እንኳ አይሞላም፤ በ0.05 ኦም ላይ ግማሽ አምፔር የሚያጠፋው ከአንድ ቮልት መቶኛ ሁለት ተኩል ብቻ ነው፤ በዓይን አይታይም። በዚያው መንገድ ላይ 110 አምፔር ሲሄድ ግን 600 ዋት ገደማ ሙቀት ይወጣል፤ በዳሽቦርዱ ሥር ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ እንደመለኮስ ነው። ወፍራም ገመድን ሥራ ላይ ሳለ፣ ጭነቱን ተሸክሞ፣ በቮልት መለካት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ኦሙ ለቀጫጭን ሽቦ ይሁን።

ጥገናው ከሰዓት በኋላ አለቀ። ባለ 50 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ተገዝቶ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ብሎኩ፣ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ሌላ ገመድ ከብሎኩ ወደ ሻንሲው፣ ሌላ ከሻንሲው ወደ ቦዲው ታሰረ። እያንዳንዱ ቦታ ቀለሙና ዝገቱ ተፍቆ ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ድረስ ጸዳ፤ ጥርስ ያላት ሮንዴላ ገባች፤ ዳዶው ከጠበቀ በኋላ ከላይ ግሪስ ተቀባ። ግሪሱ ጨዉን ለመከልከል ስለሆነ ቦታው ከታሰረው በላይ ነው። የፔዳሉ ገመድ ተቀየረ፤ የተጣለው ቴርሞስታት ምትክ ተገዛ። ከዚያ እንደገና ተለካ፦ ሲዞር ከኔጌቲቭ እስከ ብሎክ 0.2 ቮልት፣ ሞተሩ ተነሥቶ መብራት ሲበራ ባትሪው ላይ 14.1። ከጠገኑ በኋላ መልሶ መለካትን ብዙ ባለሙያ ይዘለዋል፤ ሞተሩ ሲነሣ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል።

ሐጂ ሒሳቡ ሲነገራቸው ትንሽ አጉረመረሙ። «ለሦስት ገመድ ነው ይህ ሁሉ?»

«ለገመዱማ ትንሽ ነው ሐጂ» አሉ ሽማግሌው፤ «የት እንደሚታሰር ለማወቁ ነው እንጂ። ዲናሞዎትን ይዘውት ይሂዱ፤ አሮጌውም ጤነኛ ነው፣ መለዋወጫ ይሆንዎታል።»

ሐጂ ከፈሉ።

መኪናው ሊወጣ ሲል ሾፌሩ አንድ ነገር ጨመረ፤ የነዳጅ ጌጁ ታንከሩ ቢሞላም ባይሞላም ግማሽ ላይ ቆሟል። ልጁ ገና ባየው ነገር ተሞልቶ ነበርና «ማሳ ነዋ!» ብሎ ካቻቢቴውን አንሥቶ ወደ ታንከሩ ሄደ። ሽማግሌው አስቆሙት። የታንከሩን መለኪያ ማሳ በቮልት ለኩት፤ ደህና ነው። ሽቦውን ከመለኪያው ነቀሉት፤ መርፌው ወደ ባዶ ወረደ። ሽቦውን በትንሽ አምፑል በኩል ከማሳ ጋር አገናኙት፤ መርፌው ወደ ሙሉ ወጣ። ጌጁም ሽቦውም ይሠራሉ፤ የሞተው ታንከሩ ውስጥ ያለው መለኪያ ራሱ ነው። ዕቃው ኮምቦልቻ ስላልተገኘ ከአዲስ አበባ እንዲላክ ታዘዘ። እስከዚያው ሾፌሩ ነዳጁን በኪሎሜትር እየቆጠረ፣ ሁለት ጀሪካን ናፍጣ ትርፍ ጭኖ ወደ አፍዴራ ወረደ።